ወንድሜ እውነት ተቀምጦ ነው የሚውለው? በ3 ሳምንት የለካነው ነገር

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አጭር ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ወደ እማዬ ዞሮ «እናት፣ ስፖርት ነገር ይሠራል?» አላት። እማዬ «ኧረ ዶክተር፣ ምን ስፖርት አለ! ተቀምጦ ነው የሚውለው» አለች። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጻፈው። ክብደቱ መጨመሩን፣ የደም ስኳሩም ወደ ድንበሩ መጠጋቱን ነገረን። ከዚያ «በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፣ በርቱና አንቀሳቅሱት» ብሎ ሸኘን።

ወንድሜ እዚያው አጠገባችን ነበር። 27 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ የሚባለውን ግን ሁሉንም ይሰማል። እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ከጤና ተቋሙ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ «ጀሪካንስ?» አለኝ። ውሃ የጠማው መስሎኝ ሃይላንድ ገዛሁለት። ምን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው።

እኔ በጤና ጥናቶች ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ «በተለመደ ሳምንት ስንት ቀን…» እያልኩ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ። አንድ ሰው ስንት እንደሚንቀሳቀስና ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ የሚለካበት መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ታዲያ የገዛ ወንድሜ ካርድ ላይ «ተቀምጦ ይውላል» ተብሎ በአንድ ሰው ቃል ብቻ ሲጻፍ ዝም ማለቴ ከነከነኝ። ስለዚህ እንለካው አልኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የ3 ሳምንት ሥራ ነው። ስሙን አልጽፍም። ምን ምን እንደምጽፍ ግን ቁጭ ብለን አንብበን ተስማምቷል፤ ሁለት ቦታ ላይ «ይህ ይውጣ» ብሎኛል፣ አውጥቻለሁ።

ለምን ዋጋ እንዳለው ልንገራችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከሰሜን ካሊፎርኒያ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን 1,507 አዋቂዎች የሕክምና መዝገብ ኦቲዝም ከሌለባቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ስኳርና ደም ግፊት ኦቲዝም ባለባቸው ዘንድ በዝቶ ተገኘ። በዚያ ላይ መድኃኒቱ አለ። ወንድሜ የሚወስደው ሪስፔሪዶን ክብደት በመጨመር የታወቀ ነው። እኛ አገር ደግሞ ስለ ኦቲዝም ሲወራ ሁሌ ስለ ልጆች ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። በዚያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ጢም አውጥተዋል። የሚያድግ ሰው ልብ አለው፣ ጉበት አለው፣ ስኳር አለው። ስለዚህ ጉዳዩ የአዋቂ ጤና ጉዳይ ነው።

መጠይቁ ምን አለ?

መጀመሪያ የማውቀውን መሣሪያ አወጣሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ ነው፤ 16 ጥያቄ አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳም ያገለገለው እሱ ነው። ስለ ሥራ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ መዝናኛ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስለ መቀመጥ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ሞላሁት። አንዴ እማዬን ጠይቄ፣ አንዴ ወንድሜን።

የእማዬ መልስ በ5 ደቂቃ አለቀ። እንቅስቃሴ የለም፣ መቀመጥ «ኧረ ቀኑን ሙሉ»።

የወንድሜ 1 ሰዓት ፈጀ። «በተለመደ ሳምንት» ስለው «የትኛው ሳምንት? የጾም ነው የፍስክ?» አለኝ። ልክ ነው፤ በጾም ወቅት የቤታችን ውሎ ይለያል። «በሥራዎ ላይ» የሚለው ጋ «ሥራ የለኝም» አለ። ደሞዝ የሌለው የቤት ውስጥ ሥራም እንደሚቆጠር መጠይቁ ላይ ተጽፏል፣ አነበብኩለት። «ሥራ ደሞዝ አለው» ብሎ ዘጋው። «ትንፋሽዎን ትንሽ የሚጨምር» ስለው ዝም አለ። ትንሽ ማለት ስንት ነው? የልብ ምትና የትንፋሽ ለውጥን ከውስጥ መለየት ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ሰዎች ከባድ ነው፤ ረሃብና ድካምን እንኳ ዘግይተው የሚያስተውሉ አሉ። ጥያቄው የተሠራው ግን ሰው ሁሉ ይህን በቀላሉ ያውቃል ተብሎ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳያቋርጡ በእግርዎ ይሄዳሉ?» አልኩት። «አልሄድም» አለኝ። በሳምንት 3 ቀን እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሩ ደርሶ ይመለሳል፤ በዓይኔ የማየው ነገር ነው። «እንዴ፣ ጣቢያ ትሄድ የለ?» ስለው «ምሰሶ አለ» አለኝ። በመንገዱ ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶ አንድ በአንድ ነክቶ ነው የሚያልፈው። ሲነካ ይቆማል። ስለዚህ ያቋርጣል። ስለዚህ 10 ደቂቃ ሳያቋርጥ ሄዶ አያውቅም። መልሱ ከቃሉ ጋር ፍጹም ይገጥማል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን ዜሮ ነው።

ደስ የሚለው፣ ይህ የ10 ደቂቃ ነገር አሁን ተነስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ ማንኛውም ርዝመት ያለው እንቅስቃሴ ይቆጠራል። ያው መመሪያ አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎችም ለብቻ ምክር ያስቀመጠ የመጀመሪያው ነው። ለአዋቂ የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ነው። የከባዱ 1 ደቂቃ ከመካከለኛው 2 ደቂቃ ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ይህችን ስሌት ያዟት፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሰዓቱና ቀበቶው

በ2ኛው ሳምንት ወደ ዕቃ ገባን። የአክስታችን ልጅ ከአሜሪካ ያመጣችልን ስማርት ሰዓት አለ። ለ20 ደቂቃ አስሮት አውልቆ ወረወረው። የልብስ ምልክቶችን ሁሉ በመቀስ የሚቆርጥ ልጅ ነው፤ የላስቲክ ማሰሪያ ላብ ሲነካው እንዴት ይቻለው? እማዬ ከአሮጌ ጋቢ ጫፍ ቆርጣ፣ በእጅ ሰፍታ፣ ማሰሪያውን ከውስጥ በኩል አለበሰችው። መጀመሪያ ቀን 1 ሰዓት አደረገው። በማግስቱ 2። በ4ኛው ቀን ሙሉ ቀን ዋለበት። እነዚህን ቀናት ከልኬቱ አልቆጠርኳቸውም። ኦቲዝም ያለበትን ሰው ለመለካት የሚያስብ ሰው ቢያንስ አንድ ሳምንት ለመልመጃ ይመድብ፤ ያለዚያ የሚለካው የሰውየውን ጭንቀት ነው።

በዚያው ጎን በቀበቶ ላይ የምትሰካ ትንሽ የእርምጃ ቆጣሪ ገዛን። ቱታ ስለሚወድ ቀበቶ የለውም፣ ቱታው ላይ ስትሰካ ደግሞ ትዘነበላለች። እማዬ ትንሽ ኪስ ሰፋችለት። መጀመሪያ ፈተንናት። ኮሪደሩ ላይ 100 እርምጃ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሄደ። እሷ 97 አለች። ጥሩ ናት። ሰዓቱ 104 አለ። እሱም አይከፋም።

ችግሩ የመጣው ሲቀመጥ ነው። ወንድሜ ሲደሰትም ሲጨንቀውም ተቀምጦ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል፣ እጁን ያርገበግባል። አንድ ከሰዓት በኋላ 10 ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆነ። ሁለቱንም አየሁ። ቀበቶው (የእርምጃ ቆጣሪዋን እንዲህ ነው የምንላት) 6 እርምጃ። ሰዓቱ 380 እርምጃ! ከሶፋው አልተነሳም።

ለምርምር የሚሠሩትም ከዚህ አያመልጡም። አክቲግራፍ የሚባለው አክስለሮሜትር በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ነው። በሦስት አቅጣጫ ያለውን ንቅናቄ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እየመዘገበ ለየደቂቃው አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ «ቆጠራ» ይባላል፣ ንቅናቄው ሲበረታ ያድጋል። በዳሌ ላይ ሲታሰር በደቂቃ ከ100 ቆጠራ በታች ከሆነ «ተቀምጧል» ይባላል፤ ወደ 2,000 ሲጠጋ «መካከለኛ እንቅስቃሴ»። እነዚህ ድንበሮች ኦቲዝም የሌለባቸውን ሰዎች በመሮጫ ማሽን ላይ በማስኬድና እንደዚያ ባሉ መንገዶች የተሠመሩ ናቸው። እጁን የሚያርገበግብ፣ በእግሩ ጣት የሚራመድ፣ ቆሞ የሚወዛወዝ ሰው እዚያ ውስጥ አልነበረም። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ይቀላል፣ ሰውም ሳያወልቅ ይቆያል። ግን ወንድሜን የመሰለ ሰው አንጓ ላይ ከሆነ የሚመጣው ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። መወዛወዙን ይተው ማለቴ አይደለም፤ እሱ ራሱን የሚያረጋጋበት ነው። ለብቻው ዓምድ አወጣንለትና ከእርምጃው ቀነስነው።

ጀሪካኑ

የማክሰኞው ቁጥር ነው ነገሩን የገለጠው። የሰዓቱን መዝገብ ማታ ሳይ ማክሰኞ ከሳምንቱ ሁሉ ዝቅተኛ ሆኖ አገኘሁት። ደግሞም መሃሉ ላይ 1 ሰዓት የሚጠጋ ባዶ አለ። «አውልቀኸው ነበር?» አልኩት። «ውሃ መጣ» አለኝ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ግፊቱ እኛ 4ኛ ፎቅ አይደርስም፣ ሊፍት የለም። የሚቀዳው ታች ካለው ቧንቧ ነው። በቤታችን የሚያወጣው ማን ነው? ወንድሜ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በአንድ ቀን 6 ጊዜ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ደረጃውን ቆጥሮታል፣ 72 ነው። እጁ ስለሚረጥብ፣ ላቡም ከማሰሪያው ጋር ስለሚያሳክከው ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። በሳምንቱ ውስጥ እጅግ የሚለፋበት ሰዓት ላይ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጊዜ ብቻ አስሮ እንዲያወጣ ለመንኩት። 72 ደረጃ ወጣ፤ ሰዓቱ የቆጠረው 20 እንኳ አልሞላም። ጀሪካን የያዘ እጅ አይወዛወዝማ! ሰዓቱ እርምጃን የሚገምተው ከእጅ ውዝዋዜ ነው። ተቀምጦ ሲወዛወዝ 380 የቆጠረ መሣሪያ፣ 20 ኪሎ ተሸክሞ 4 ፎቅ ሲወጣ አላየውም።

ያኔ ነው «ጀሪካንስ?» ያለኝ የገባኝ። ሐኪሙ «ስፖርት» ብሎ ሲጠይቅ፣ እማዬም «ምን ስፖርት» ብላ ስትመልስ፣ እሱ በራሱ መንገድ እየተከራከረ ነበር። እኔ ሃይላንድ ገዛሁለት። የሚገርመው፣ ያ ለእማዬ የሞላሁት መጠይቅ ላይ ለከባድ እንቅስቃሴ ምሳሌ ተብሎ የተጻፈው «ከባድ ሸክም መሸከም» ነው። እማዬ ግን የቤት ሥራን እንቅስቃሴ ብላ አታስበውም፤ እሷም ዕድሜ ልኳን ተሸክማ ማንም «ስፖርት ሠራሽ» ብሏት አያውቅም።

አሁን ያቺን ስሌት አምጧት። አንዱን ጀሪካን ለማውጣት 3 ደቂቃ ይፈጅበታል። 6 ጀሪካን 18 ደቂቃ። በሁለት ቀን 36 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ፣ በመካከለኛው ሲመነዘር 72። ወደ ጣቢያው ሲሄድ ምሰሶ የሚነካበትን ቀንሰን መሄጃው 15፣ መመለሻውም 15 ደቂቃ ነው። በደቂቃ ስንት እንደሚራመድ ራሱ ቆጠረ፣ 112 እርምጃ። ለአዋቂ በደቂቃ 100 እርምጃ አካባቢ የመካከለኛ እንቅስቃሴ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ በ3 ቀን 90 ደቂቃ። 72 እና 90 ሲደመር 162።

ሐኪሙ የጠየቀው 150 ነበር። ወንድሜ ቀድሞ አልፎታል።

ታዲያ መቀመጡስ?

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይለን ነበር። ግን ብዙ የሚንቀሳቀስ ሰው ብዙም ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱ የአንድ ሚዛን ሁለት ጎን አይደሉም፣ ለየብቻ ነው የሚለኩት። በ2017 እ.ኤ.አ. የመስኩ ተመራማሪዎች የተስማሙበት ትርጉም አለ። ተቀምጦ መዋል ማለት ሰው ነቅቶ እያለ፣ ተቀምጦ ወይም ጋደም ብሎ ወይም ተኝቶ፣ ከ1.5 ሜት ያልበለጠ ጉልበት ሲያወጣ ነው። 1 ሜት ዝም ብሎ ሲያርፍ የሚያወጣው ጉልበት ነው። ስለዚህ የአካሉ አቀማመጥም ጉልበቱም መታወቅ አለበት። እንቅልፍ ደግሞ አይገባም። ወንድሜ ከምሳ በኋላ 1 ሰዓት ተኩል ይተኛል፤ እማዬ «ቀኑን ሙሉ» ያለችው ውስጥ ይህም ነበረበት።

ሌላም ነበረበት። ጠዋት ጠዋት ከ2:30 እስከ 4:00 መስኮት ላይ ሆኖ ባቡር ይቆጥራል። እማዬ ከማድ ቤት ሆና ሁሌ እዚያው ቦታ ስለምታየው «ተቀምጧል» ትላለች። ቀበቶውም በዚያ ሰዓት ውስጥ 38 እርምጃ ብቻ ስለሚያሳይ ከእሷ ጋር ይስማማል። ልጁ ግን ቆሞ ነው! አንድም ቀን ወንበር አምጥቶ አያውቅም። ዳሌ ላይ ያለ መሣሪያ ዝም ብሎ የቆመን ሰው ከተቀመጠ ሰው አይለየውም።

ይህን የሚለይ መሣሪያ አለ፣ አክቲቭፓል ይባላል። ታፋ ላይ ይለጠፋል። ስንቆም ታፋችን ቀጥ ይላል፣ ስንቀመጥ ይጋደማል፤ በዚያ ያውቃል። እኛ የለንም፣ ብንገዛውም ቆዳው ላይ ፕላስተር አያስለጥፍም። ግን ቱታው የፊት ኪስ አለው። ስልክስ ታፋ ላይ አይደል የሚውለው? ፋይፎክስ የሚባል ነፃ አፕ ጫንኩ። የጀርመኑ የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነው፣ በስልኩ ውስጥ ያለውን አክስለሮሜትር ያስነብባል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ቀጥ ሲል በርዝመቱ በኩል ያለው መስመር ወደ 9.8 ይጠጋል፤ የመሬት ስበት ነው። ሲቀመጥ ያ መስመር ወደ ዜሮ ይወርድና በስክሪኑ በኩል ያለው ይነሳል። ወንድሜ ይህን ሲያይ ደስታው ወሰን አጣ። 10 ጊዜ ያህል ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ መስመሮቹ ቦታ ሲለዋወጡ እያየ እጁን አርገበገበ። ባትሪ ስለሚበላ በ2 ሰዓት በ2 ሰዓት ከፋፍለን ወሰድን። ጠዋት መስኮቱ ላይ 9.8 ነው፣ ቆሟል። ለእማዬ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና «እኔ እኮ እግሩን አላየሁትም፣ ራሱን ነው የማየው» አለች።

ስልኩ የማይሸፍነውን ሰዓት ደብተር ሸፈነው። ይህ የሱ ሐሳብ ነው። በደቂቃ ልክ ይጽፋል፦ «8:07 ተቀመጥኩ። 8:31 ተነሳሁ።» ሦስት ቀን ከስልኩ መዝገብ ጋር አስተያየሁት። ቢበዛ የ1 ደቂቃ ልዩነት ነበር። «ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ያለው ሰው ነው እንግዲህ ይህን የጻፈው። ጥያቄው ወደሚጻፍ፣ ቁርጥ ወዳለ ነገር ሲቀየር ከማንኛችንም የተሻለ መስካሪ እሱ ሆነ። በጥናት ላይ ብዙ ጊዜ ቤተሰብ በምትካቸው ይጠየቃል። አንዳንዴ ግድ ነው፣ የማይናገርና የማይጽፍም አለና። ግን ሳይሞከር ወደ እናት መዞር ልክ አይደለም።

ደብተሩ እውነተኛውን ችግር አወጣ። ማታ ነው። ከምሽቱ 12:10 እስከ 4:45 አንድም «ተነሳሁ» የለም። 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛው ቀንም። መክሰሱን እማዬ እዚያው ታቀርብለታለች፣ መድኃኒቱንም ከነውሃው። ስልኩ ላይ የባቡር ቪዲዮ ያያል። ቀኑ ምንም አልነበረበትም፣ ምሽቱ ነው ድንጋይ የሆነው።

አንድ ስህተቴን ልናገር። በ2ኛው ሳምንት ሰዓቱ ላይ ያለው ግብ 10,000 እርምጃ እንደሆነ አየ። አንድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የኮሪደሩ መብራት በርቶ ብወጣ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው። «9,412» አለኝ። እስኪሞላ አልተኛም። ሦስት ሌሊት እንዲህ ሆነ፣ በማግስቱም ተነጫነጨ። ያ 10,000 ቁጥር እኮ ከሐኪም ቤት የመጣ አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ ቆጣሪ ስም ነበር፣ «የ10 ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ክብ ቁጥር ስለሆነ ሰው ያዘው። ቁጥር ለሚወድ፣ ያልሞላ ነገር እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው ግን እንደ ትእዛዝ ነው የሚሰማው። ግቡን አጠፋሁት፣ ስክሪኑን በጨርቅ ሸፈንኩት። የዚያን ሳምንት የሌሊት እርምጃም ከሂሳቡ አወጣሁ፤ የፈጠረው ልኬታችን ራሱ ነው። ለምርምር የሚሠሩት ብዙዎቹ ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን የሌላቸው ለዚህ ነው። ማወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ

ምሽቱን ለመስበር ስንነጋገር መጀመሪያ ያሰብኩት የስልክ ደወል ነበር። ድንገተኛ ድምፅ ጆሮውን ያስይዘዋል፤ ተውነው። እሱ «ቪዲዮው ሲያልቅ» አለ። አንዱ ቪዲዮ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ሲያልቅ ይነሳል፣ ኮሪደሩን 4 ጊዜ ይመላለሳል፣ የማድ ቤቱን በር ነክቶ ይመለሳል። 4 ያለው እሱ ነው። እማዬም መክሰሱን ሶፋው ላይ ማምጣት ትታ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች፣ ይህ ለእሷ ከባድ ነበር፣ ልጄን ችላ ያልኩት ይመስለኛል ብላ ሁለት ቀን ከፍቷት ነበር።

በዚህ መሃል ስለ ለንደን አውቶቡሶች አነበብኩለት። በ1953 እ.ኤ.አ. ጀረሚ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ የሚሠሩትን ሹፌሮችና ቲኬት ቆራጮች አነጻጸረ። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት ሹፌሮች፣ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ከሚውሉት ቆራጮች ይልቅ የልብ ሕመም በዝቶባቸው ተገኘ። ወንድሜ ረጅም ጊዜ አሰበና «ቀን ቆራጭ ነኝ። ማታ ሹፌር ነኝ» አለ። ከኔ 3 ሳምንት ይልቅ ይህ ዓረፍተ ነገር ነገሩን ይገልጸዋል።

ከ1 ወር በኋላ እንደገና በደብተር ለካን። የማታው ረጅሙ መቀመጥ 50 ደቂቃ ሆኗል። ክብደቱ የቀነሰው 1 ኪሎ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ አሁንም አለ፣ እሱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ወረቀታችንን ይዘን ወደዚያው ሐኪም ተመለስን። የዋህ ሰው ነው። ተቀብሎ አነበበው፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ወንድሜ አዞረና «አንተ ንገረኝ እስቲ፣ በሳምንት ምን ትሠራለህ?» አለው። ወንድሜ ጣሪያውን እያየ «ጀሪካን 12። ደረጃ 864» አለ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ያለውን «ተቀምጦ ይውላል» ሰርዞ ይህንን ጻፈ። የመድኃኒቱን መጠን ለማየትም ቀጠሮ ሰጠን።

ሐምሌ ሲገባ እንደገና እንለካለን። በክረምት ኮሪደሩ ውሃ ይገባበታል፣ ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድም ጭቃ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ጫማው ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይወጣም። ደብተሩን ካሁኑ አስምሮታል። አንድ አዲስ ዓምድ ጨምሯል፣ ከላዩ «ዝናብ» ብሎ ጽፎበታል።